የሜዳ ከተማና የወንበር ከተማ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህን ድርሰት የምጽፈው ለክርክር ነው። ክርክሩም ስለ ታላቅ የመንግሥት ጉዳይ አይደለም፤ ስለ ኳስና ስለ ሩጫ፣ ስለ ሜዳና ስለ ልጆች ነው። ነገሩን ንቀህ ገጹን ከመግለጥህ በፊት ግን ጥቂት ታገሠኝ፤ የአንድ ከተማ ሕዝብ ጠባይ በሚሠራበት ቦታ ብቻ ሳይሆን በሚጫወትበትም ቦታ እንደሚታወቅ በመጨረሻ አንተው ራስህ ትፈርዳለህና።

ክርክሩ የተነሣብኝ እንዲህ ነው። በአንድ የሰንበት ቀን ከሰዓት በኋላ በመንገድ ሳለሁ ዝናብ ያዘኝና በሠፈራችን ኳስ በቴሌቪዥን ወደሚታይበት ቤት ገባሁ። ስድሳ ያህል ሰዎች በአግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተቀምጠዋል። ግማሾቹ የአርሴናልን፣ ግማሾቹ የማንቸስተርን ማልያ ለብሰዋል። ጎል በገባ ጊዜ ጣራው እስኪነቃነቅ ድረስ ይጮኻሉ፤ ኳሱ በሳተ ጊዜ እንደ ሐዘንተኛ ራሳቸውን ይይዛሉ። ጨዋታው ሲያልቅ በአጠገቤ የነበረው ወጣት ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ እንደ አዲስ አበባ ኳስ የሚወድ ከተማ በዓለም አለ እንዴ? የእኛ ከተማ እኮ የስፖርት ከተማ ናት!» አለኝ። እኔም፣ «መልካም ነው ልጄ፤ ለመሆኑ አንተ ራስህ ኳስ ከመታህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሣቅ ብሎ አሰበና፣ «ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ይመስለኛል» አለኝ። ጓደኛውንም ጠየቅሁት። እርሱ ግን አልሣቀም፤ «የት ሜዳ አለና ጋሼ!» ብሎ ብቻ መለሰልኝ።

ይህች አጭር መልስ ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሣችኝ። ለምን እንደ ነሣችኝ ወደ ኋላ እናገራለሁ፤ የምናገረውም የራሴን ጥፋት ስለ ሆነ አስቀድሜ ክርክሬን ላቅርብ።

የምከራከርለት አሳብ አንድ ነው። ይኸውም፣ አንድ ከተማ መልካም የስፖርት ከተማ የሚባለው ለመጫወት የሚሻ ሰው ሜዳ ሲያገኝበት ነው እንጂ ለመመልከት የሚሻ ሰው ወንበር ሲያገኝበት አይደለም። ሌላ መለኪያ የሚያቀርቡ ሦስት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኛው ከተማን በስታዲየሙ ትልቅነት ይለካል፤ ሁለተኛው በሜዳልያው ብዛት፤ ሦስተኛው በጩኸቱ ኀይል። ለሦስቱም በየተራ እመልስላቸዋለሁ።

«ታላቅ ስታዲየም ይሠራልን፤ ያን ጊዜ የስፖርት ከተማ እንሆናለን» ለሚለው ሰው ሁለት ቀኖች ላስታውሰው። መጀመሪያው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን በአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተደረገ፤ ኢትዮጵያም በዚያን ዘመን የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበሩ። ሁለተኛው ቀን ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በዚያም ቀን ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች። ዳሩ ግን ኢትዮጵያ ባለሜዳ የተባለችበት ይህ ጨዋታ የተደረገው በአዲስ አበባ አይደለም፤ በባሕር ዳርም አይደለም፤ በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነው። በዚያን ጊዜ ከአገራችን ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለእንዲህ ያለ ውድድር ብቁ ነው ብሎ የፈቀደው አንድም አልነበረም። ኮንፌዴሬሽኑ በ1949 ዓ.ም. ሲቋቋም ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስካረፉበት እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የመሩትም እነዚሁ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ባለቤቱ እንግዳውን በሰው ቤት ተቀበለ ማለት ነው።

«ይኸው ራስህ መሰከርህ! ስታዲየም ቸገረን አይደለምን?» ትሉኝ ይሆናል። አዎን ቸግሮናል፤ መልካም ስታዲየም አያስፈልግም የሚል ሞኝ አይደለሁም። እኔ የምለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጥቂት የአራዳ ልጆች ዛሬ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባለውን ቡድን ሲያቆሙ በከተማው ስታዲየም አልነበረም፤ የነበረው ክፍት መሬትና የልጅ ጉልበት ነው። ወዲያው የጠላት ወረራ መጣ፤ ወረራውም አለፈ፤ ስታዲየሙ የተሠራው ከነጻነት በኋላ ነው። ሜዳ ስለ ነበረ ቡድን ተገኘ፤ ቡድን ስለ ተገኘ ተመልካች መጣ፤ ተመልካች ስለ በዛ ስታዲየም ተሠራ። እኛ ግን ዛሬ ከጣራው ጀምረን ወደ መሠረቱ ለመውረድ እንሞክራለን። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ60,000 በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ተጀመረ፤ ሥራውም በሊሎንግዌ በተጫወትንበት ቀን ገና አላለቀም ነበር። በእነዚያው ዓመታት እኔ በማውቃቸው ሠፈሮች ልጆች የሚጫወቱባቸው ክፍት ቦታዎች አንድ በአንድ ታጥረው አለቁ። ስድሳ ሺህ ወንበር ስድሳ ሺህ ሰው ያስቀምጣል፤ በሜዳው የሚሮጡት ግን ያው ሃያ ሁለት ናቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ለዝና ተብሎ በችኮላ የታሰበ ሥራም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ተከራካሪ ልመለስ። እርሱ እንዲህ ይለኛል፦ «አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደገመ። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ሠለሰ። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ አመጣ። ይህን ሁሉ ጀግና በአደባባይዋ የተቀበለች ከተማ የስፖርት ከተማ ካልተባለች የትኛዋ ትባላለች?»

የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን ጀግናን መቀበልና ጀግናን ማሳደግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሰርገኛን በእልልታ የተቀበለ ሁሉ ሙሽራዋን አላሳደጋትም። ማሳደግ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከአሰላ አልፎ ወደ በቆጂ ይሂድ። በቆጂ በአርሲ ደጋ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂና ከአካባቢዋ የወጡ ናቸው። እነዚህ አራቱ ብቻ ከ1984 እስከ 2004 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ዘጠኝ የኦሊምፒክ ወርቅ አምጥተዋል፤ ደራርቱ ሁለት፣ ፋጡማ አንድ፣ ቀነኒሳ ሦስት፣ ጥሩነሽ ሦስት። በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ የ5,000ና የ10,000 ሜትር ወርቅ በወንዶችም በሴቶችም፣ አራቱም በሙሉ፣ ወደዚህች ትንሽ ከተማ ልጆች ሄደ። ስንት ታላላቅ መንግሥታት ያላገኙትን አንዲት የገበያ ከተማ አገኘችው!

«የደጋው አየር ነው» ይላሉ አንዳንድ ሊቃውንት። አየሩ እንደሚረዳ አልክድም፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያደገ ልጅ ሳንባው ይጠነክራል። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ በአገራችን ያለው የደጋ ከተማ ሁሉ በቆጂ በሆነ ነበር። ልዩነቱ ሌላ ነው። በበቆጂ ሥንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። እኒህ ሰው ስታዲየም እስኪሠራ አልጠበቁም፤ ልጆቹን በማለዳ በሜዳውና በጫካው ዳር ያስሮጡ ነበር። ሜዳው ክፍት ነው፤ መግቢያ አይከፈልበትም፤ የድኻ ልጅም የሀብታም ልጅም፣ ወንድም ሴትም እኩል ይገባበታል። ታናሹ ታላቁ ሲሮጥ ያያል፤ ነገ እርሱም ይከተላል። ከተማን የስፖርት ከተማ የሚያደርጋት ይህ ነው፤ ክፍት መሬት፣ ታጋሽ መምህርና የማይቀር ማለዳ።

ደግሞም አንድ ነገር አትርሱ። በበቆጂ የሮጠ ልጅ ሁሉ ሜዳልያ አላገኘም። የሚበዙት ያገኙት ጤና፣ ጓደኛና ትዕግሥት ብቻ ነው። ለእነርሱም ቢሆን ሜዳው ከንቱ አልሆነባቸውም። ሜዳልያ ፍሬ ነው እንጂ ሥር አይደለም፤ ፍሬውን ብቻ እየቈጠረ ሥሩን የሚነቅል ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ምን ይቈጥራል? አበበ ቢቂላ ራሱ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከደረቁ በኋላ ጨዋታን አልተወም፤ እንግሊዝ አገር ሄዶ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ተወዳደረ። ሁለት ጊዜ ዓለምን ያሸነፈ ሰው ለዝና ብቻ ቢጫወት ኖሮ በዚያ ቀን ቤቱ በተቀመጠ ነበር። እንግዲህ እግሩ የማይራመድለት አበበ ተጫዋች ከነበረ፣ እግራችን ደኅና የሆነው እኛ ለምን ተመልካች ብቻ ሆንን?

ሦስተኛው ተከራካሪ ድምፁ ከሁሉ ይበልጣል፤ መለኪያው ጩኸት ነውና። «ሕዝቡ በየቤቱና በየአዳራሹ ኳስ ያያል፤ ስለ ኳስ ያወራል፤ ስለ ኳስ ይጣላል፤ እንግዲህ ከዚህ በላይ የስፖርት ፍቅር የት አለ?» ይላል። ወንድሜ ሆይ፤ ኳስ ማየት ኀጢአት ነው አልልህም፤ እኔም አያለሁ፤ ውብ ጨዋታ ውብ ነገር ነው። ነገር ግን የምግብ ስም እየጠራ የሚውል ሰው ጠገበ አይባልም። የማንቸስተርን ተጫዋቾች ስምና ዕድሜ በቃሉ የሚያውቅ፣ የራሱ ሠፈር ቡድን መኖሩንና አለመኖሩን ግን የማያውቅ ወጣት፣ ስፖርቱ በሰው አገር፣ ዕድሜው ግን በራሱ አገር እያለቀ ነው።

ይባስ ብሎ ከዚህ ጩኸት ጎን ውርርድ መጣ። በሚታይበት ቤት አጠገብ ቤቲንግ ቤት ይከፈታል። የቀን ሠራተኛው የቀን ደመወዙን፣ ተማሪው የታክሲውን ገንዘብ፣ ከዚህ ብዙ ሺህ ኪሎሜትር ርቀው በሚሮጡ ሰዎች እግር ላይ ያስይዛል። አንድ ጊዜ ያገኘው ለሠፈሩ ሁሉ ይነገራል፤ ሃምሳ ጊዜ የከሠረው ለእናቱም አይነገርም። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። በሜዳ የተሸነፈ ልጅ ላብ ያወጣል፤ ጉልበት ያተርፋል፤ ነገም ይመለሳል። በወንበር የተሸነፈ ልጅ ግን ገንዘቡንም ቀኑንም ያጣል፤ ነገ የሚመለሰውም ያጣውን ለማስመለስ ነው።

ጩኸት ወደ ሌላም ክፉ ነገር ይወስዳል። በ2010 ዓ.ም. በአገራችን ሊግ፣ በብሔር ስም በተነሣ የደጋፊዎች ጠብ ምክንያት ሳይካሄድ እስከ መቅረት የደረሰ ጨዋታ ነበረ። ድንጋይ የሚወረውረው ማን ነው? እኔ እንደማየው፣ ብዙ ጊዜ የሚጫወተው አይደለም። የተጫወተ ሰው የባላጋራውን ትንፋሽ ሰምቶታል፤ ሲወድቅ አንሥቶታል፤ በጨዋታው መጨረሻ እጁን ጨብጦታል። አባቶቻችን በገና ጨዋታ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በገና ቀን ጌታም ሎሌም በአንድ ሜዳ ይጋጠማሉ፤ ጌታው በሎሌው ዱላ እግሩን ቢመታ መቆጣት ነውር ነበር። ሜዳ ሰውን ያስተካክላል፤ ሰገነት ግን በመደብ ይከፋፍላል፤ ይህ የክቡር ወንበር፣ ይህ የከማን አንሼ፣ ይህ የተራ እያለ።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ክርክር መጣ። እርሱም የስፖርት ወዳዶች ሳይሆን የብልሆች ክርክር ነው። «ከተማው ቤት የለውም፤ ሕዝቡ በኪራይ ይማቅቃል፤ ሥራ አጡ ብዙ ነው። ታዲያ ለልጆች መጫወቻ ተብሎ ይህን የሚያህል መሬት ባዶውን ይቀመጣልን?» ይላሉ። ይህን ክርክር በቀላሉ አልንቀውም፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ እኔ ራሴ በዚህ ክርክር ተረትቻለሁ። የተረታሁበትን ታሪክ አሁን ልናገር።

በሠፈራችን ከወንዙ ወዲህ አንድ ሜዳ ነበረ። ርዝመቱ ዘጠና እርምጃ፣ ስፋቱ ሃምሳ እርምጃ ያህል ነው። በአንድ ወገን ባሕር ዛፍ፣ በአንድ ወገን የድንጋይ አጥር ነበረው። እኔ በልጅነቴ በካልሲ በተሠራ ኳስ፣ ሁለት ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገን፣ ፀሓይ እስክትጠልቅ ድረስ ተጫውቼበታለሁ። በዚያ ሜዳ ከእኔ የሚበልጥ እንዳለ ተማርሁ፤ ስሸነፍ ሳላለቅስ ወደ ቤቴ መሄድን ተማርሁ፤ የሀብታሙ ልጅ ኳሱን ይዞ ሲኮራ ያለ እርሱ መጫወትን፣ ሲመለስም ይቅር ማለትን ተማርሁ። ኋላ እኔ መምህር በሆንሁ ጊዜ የእኔ ልጆችና የጎረቤቶቼ ልጆች በዚያው ተጫወቱ።

በ1998 ዓ.ም. ወረቀት መጣ። ሜዳው ለሕንፃ ሊሰጥ ነው፤ የሠፈሩ ሰው መስማማቱን ይፈርም ተባለ። ሕንፃው ሲሠራ ለሠፈሩ ሰዎች ሥራ ይገኛል፤ ከሱቆቹም አንዱ ለዕድራችን ይሰጠናል ተባለ። እኔ የተማርሁ ነኝ ተብዬ በዕድሩ ጽሕፈት ላይ ነበርሁ። ብዙ ሰዎች ወረቀቱን ከመፈረማቸው በፊት የእኔን ፊት አዩ። እኔም በልቤ፣ «ልጆች እንደ ሆኑ የትም ይጫወታሉ፤ ሱቁ ግን ዕድሩን ይረዳል» አልሁና ፈረምሁ። ከእኔ በኋላ ሰባ የሚሆኑ ሰዎች ፈረሙ። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ «የሕፃናቱን ፊርማ ማን ይዞላቸው መጣ?» ብለው ሳይፈርሙ ሄዱ። እኛም ሣቅንባቸው። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ በዚያ ቀን የምልሰው እኔ ነበርሁ።

ሕንፃው ተሠራ። ለዕድሩ ይሰጣል የተባለው ሱቅ አልተሰጠም። ልጆቹ አንድ ዓመት ያህል በአስፋልቱ ላይ ተጫወቱ፤ መኪናው ሲበዛ እናቶች ከለከሏቸው፤ ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ከሠፈሩ ጠፋ። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ያ በዝናቡ ቀን የገባሁበት፣ ኳስ በቴሌቪዥን የሚታይበት ቤት፣ በዚህ ሕንፃ ምድር ቤት ያለ ነው። ስድሳው ወጣት ተቀምጦ ኳስ የሚያይበት ወለል እኛ ቆመን ኳስ የመታንበት መሬት ነው። «የት ሜዳ አለና ጋሼ!» ብሎ ለመለሰልኝ ልጅ፣ «የተቀመጥህበት ነበረ፤ የፈረምሁትም እኔ ነኝ» ብዬ ልነግረው አፌ አልታዘዘልኝም። እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ለብልሆቹ ተከራካሪዎች የምመልሰው በመጽሐፍ ካነበብሁት አይደለም፤ በደረሰብኝ ነው። ቤት ያስፈልጋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከተማ ቤት ሲሠራ መንገድ ይተዋል፤ «መንገዱ ባዶ መሬት ነው፤ ቤት ይሠራበት» የሚል የለም፤ መንገድ ከሌለ ቤቶቹ እስር ቤት እንደሚሆኑ ሁሉም ያውቃልና። ሜዳም እንዲሁ ነው። ልጅ የማይሮጥበት ሠፈር የቤቶች ክምር እንጂ ከተማ አይደለም። ደግሞ የተሠራ ቤት ፈርሶ ሌላ ቤት ይሠራል፤ የተሠራበት ሜዳ ግን ተመልሶ ሜዳ ሲሆን በዕድሜዬ አላየሁም።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለጊዜው ተወስዶ የተመለሰ ሜዳ አይቻለሁ፤ እርሱም ጃንሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ በመጣ ጊዜ የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ሯጭ ይሮጥበት የነበረው ሣር በጭቃና በቆሻሻ ተሸፈነ። በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ግን ሕዝቡ ስለ ሜዳው ተናገረ፤ ገበያው ተነሣ፤ መሬቱም ተጠረገ። ጃንሜዳ የተመለሰው የሚጠይቅለት ሰው ስለ ነበረው ነው። የሠፈር ሜዳ ግን የራሱ በዓል የለውም፤ የሚጠይቅለት የሚጫወትበት ልጅ ብቻ ነው፤ ልጅን ደግሞ ማንም ለስብሰባ አይጠራውም።

ስለ ሴቶች ልጆችም አንድ ቃል ሳልናገር አላልፍም። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያይቱ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። አገሩ ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ! ነገር ግን ዛሬ በእኛ ሠፈር አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ በማለዳ ቱታ ለብሳ ብትሮጥ፣ ጥግ ላይ የቆመው ወጣት ምን ይላታል? አንተው ታውቀዋለህ፤ ምናልባትም ብለኸው ይሆናል። የደራርቱን ሥዕል በግድግዳው ለጥፎ የጎረቤቱን ልጅ የሚሳደብ ሰው የስፖርት ወዳጅ ነኝ ሊል አይገባውም። ግማሹ ሕዝብ የማይጫወትበት ከተማ ግማሽ የስፖርት ከተማ ናት።

እንግዲህ አንድን ከተማ ልትመዝኑ ስትፈልጉ እነዚህን ጠይቁ። ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ዐሥር ደቂቃ ሳይሄድ የሚጫወትበት ሜዳ ያገኛልን? ገንዘብ ሳይከፍል ይገባልን? ልጃገረድ ሳትሰደብ ትሮጣለችን? ሽማግሌውና አካሉ የተጎዳው ሰው የሚንቀሳቀሱበት ቦታ አላቸውን? የተሸነፈው ቡድን በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳልን? የእነዚህ መልስ አዎን ከሆነ፣ ያች ከተማ አንድም ዋንጫ ሳይኖራት መልካም የስፖርት ከተማ ናት። መልሱ የለም ከሆነ ግን ዋንጫዋ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቢያብረቀርቅም የወንበር ከተማ ናት።

አዲስ አበባ ጨርሳ ጠፍታለች አልልም። በ1994 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ባልንጀሮቹ ታላቁን ሩጫ ሲጀምሩ 10,000 ሰው ሮጠ፤ ከዚያም ወዲህ ሯጩ እየበዛ ሄደ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገዶች ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ተለቀው ልጆች በአስፋልቱ ላይ ሲጫወቱ ባየሁ ጊዜ ዐይኔ እንባ አቀረረ። በማለዳ በመስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ የሚወጡና የሚወርዱ ወጣቶችን ያየ ሰው ተስፋ አይቈርጥም። የሕዝቡ ፍላጎት እንዳለ ነው። የጎደለው፣ በዓመት አንድ ቀን ሳይሆን በየቀኑ ከልጁ ደጃፍ አጠገብ የሚገኝ ቦታ ነው።

ስለዚህ እናንተ ወጣቶች፣ ከእኔ ጥፋት ተማሩ። በሠፈራችሁ የቀረ ክፍት ቦታ ካለ፣ ስሙንና ስፋቱን ጽፋችሁ ያዙ፤ ሳይጽፉት የቀረ ነገር በቀላሉ ይወሰዳል። ስብሰባ ሲጠራ ሂዱና ስለ እርሱ ጠይቁ። «ፈርሙ» ሲሏችሁ አንብቡ፤ ካነበባችሁም በኋላ፣ ያ ሽማግሌ እንደ ጠየቁት፣ ፊርማቸው የሌለ ሕፃናትን አስቡ። የትምህርት ቤት ግቢዎች ቅዳሜና እሑድ ተቈልፈው ይውላሉ፤ ርእሰ መምህሩን በትሕትና ለምኑ፤ ጥበቃውን ባትረብሹ፣ ቆሻሻ ባትጥሉ፣ መስኮት ባትሰብሩ ይፈቅድላችኋል። ገንዘባችሁን ከቤቲንግ ቤት አውጡና ኳስ ግዙበት፤ አንድ ኳስ ለሃያ ሰው ይበቃል። እኅቶቻችሁንም ጥሩ፤ ሲመጡም በክብር ተቀበሏቸው።

እኔም ይህን ለሰው ብቻ የምመክር እንዳልሆን፣ ከዚያ የዝናብ ቀን በኋላ ወደዚያ ቤት ተመልሼ ሄድሁ። ያን ልጅ አገኘሁትና እውነቱን ነገርሁት። ተቆጥቶ ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ዝም ብሎ ወለሉን ተመለከተ። ጥቂት ቆይቶ፣ «ጎሉ በየት በኩል ነበር፣ ጋሼ?» አለኝ። እኔም በእጄ አሳየሁት። በማግስቱ አብረን ወደ ሠፈራችን ትምህርት ቤት ሄድን፤ ርእሰ መምህሯም ቅዳሜ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ግቢውን ሊከፍቱልን ፈቀዱ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ዐሥራ አራት ሰዎች መጡ፤ ከእነርሱም ሦስቱ ሴቶች ነበሩ። ሜዳው ጠጠራም ነው፤ ጎሉም ሁለት ሁለት ድንጋይ ነው። ይህ እኔ የፈረምሁበትን ሜዳ አይመልስም። ነገር ግን ቅዳሜ ሲደርስ ሰዓት ያዥ እኔ ነኝ፤ ከ3 ሰዓት በፊትም ፊሽካ አልነፋም።